ያላረገዘ ማህፀን ይኮማተራል? ስለ ወር አበባ ዑደትና ስለ አልትራሳውንድ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ደብረ ማርቆስም ይሁን ባሕር ዳር፣ ፍኖተ ሰላምም ይሁን ሞጣ፣ አልትራሳውንድ ክፍል በር ላይ ተራ የሚጠብቁ ሴቶች የሚያነሱት ነገር ተመሳሳይ ነው። «አመመኝ፣ ታየሁ፣ ምንም የለሽም አሉኝ። ታዲያ ሕመሙ ከየት መጣ?» ይህን ጥያቄ ቀለል አድርጌ ማለፍ አልችልም፤ ምክንያቱም ጥያቄው ትክክል ነው። ማህፀን ይንቀሳቀሳል፣ በእጅሽ የሚሰጥሽ ፎቶ ግን አይንቀሳቀስም። ከታች ያሉት በዚህ ዙሪያ የሚመጡት ጥያቄዎች ናቸው፤ አንዳንዱን በረጅሙ፣ አንዳንዱን ባጭሩ መልሼዋለሁ።

እርግዝና ሳይኖር ማህፀን ይንቀሳቀሳል እንዴ?

አዎ፣ በደንብ። ማህፀን ቁመቱ 7 ወይም 8 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፣ ግድግዳው ግን አብዛኛው ጡንቻ ነው። ይህ ጡንቻ ወሩን ሙሉ ይሠራል። ከቀን ቀን የሚለያየው ፍጥነቱ፣ ጉልበቱና አቅጣጫው ነው። ከወር አበባ ቀናት ውጪ አብዛኛውን ጊዜ አይሰማሽም፣ ምክንያቱም የሚኮማተረው ከውስጠኛው ሽፋን ሥር ያለው ስስ የጡንቻ ንብርብር ብቻ ነው። በአልትራሳውንድ ስታዪው የውስጠኛው ሽፋን ላይ ሞገድ ያልፋል፣ ነፋስ የጤፍ ማሳ ላይ ሲያልፍ እንደምታዪው ዓይነት፤ ማሳው ከቦታው ሳይነሳ እንቅስቃሴው ከዳር እስከ ዳር ይሄዳል።

ከምጥ ጋር ግን አታምታቺው። ምጥ ላይ የማህፀን ጡንቻ በሙሉ፣ ውስጡም ውጪውም፣ ባንድነት ነው የሚጨመቀው።

ከወር አበባ እስከ ወር አበባ እንዴት ይለዋወጣል?

በወር አበባ ቀናት የማህፀን ሥራ ማስወጣት ነው። ስለዚህ መኮማተሩ ከማህፀን አናት ተነሥቶ ቁልቁል ወደ ማህፀን አንገት ይወርዳል። በቁጥር ብዙ አይደለም፣ ጉልበቱ ግን ከወሩ ሁሉ የበረታ ነው። ቁርጠት የምንለው ይኼንኑ ነው።

ደሙ ከቆመ በኋላ ኢስትሮጅን የሚባለው ሆርሞን ቀስ በቀስ ይጨምራል፣ አቅጣጫውም ይገለበጣል። አሁን ሞገዱ ከታች፣ ከማህፀን አንገት ተነሥቶ ሽቅብ ይወጣል። እንቁላል ሊወጣ ሲል ፍጥነቱ ጣራ ይነካል፤ በደቂቃ 3 ያህል፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ፣ ማለትም በየ15 ወይም በየ20 ሰከንዱ አንድ። ለምን ይመስልሻል? የወንዱን ዘር ወደ ላይ ለመሳብ ነው። ጀርመን ያሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1996 ባሳተሙት ሥራ የወንድ ዘር የሚያክሉ፣ ምልክት የተደረገባቸው ጥቃቅን እንክብሎችን በማህፀን አንገት በኩል አስገብተው ተከታተሉ። እንክብሎቹ አይዋኙም፣ ጭራ የላቸውም። ግን በደቂቃዎች ውስጥ ወደ ላይ ተሳቡ፣ ያውም እንቁላል በማብሰል ላይ ባለው ጎን ወዳለው የማህፀን ቱቦ ነው በብዛት የሄዱት። እኔ ይህን ባሰብኩ ቁጥር ይደንቀኛል። ብዙ ሰው የወንዱ ዘር ብቻውን ታግሎ የሚደርስ ይመስለዋል፣ ማህፀን ግን እየሳበ ነው የሚያወጣው።

እንቁላሉ ከወጣ በኋላ ፕሮጀስትሮን የሚባለው ሌላ ሆርሞን ተራውን ይረከባል። የእሱ ሥራ ማረጋጋት ነው። መኮማተሩ ይቀንሳል፣ ሞገዱም አንድ ወጥ አቅጣጫ ያጣል፤ እዚህም እዚያም ትንሽ ትንሽ ይንቀሳቀሳል እንጂ ከዳር እስከ ዳር አይሄድም። ጽንስ ካለ ከእንቁላል መውጣት በኋላ ከ6 እስከ 10 ባሉት ቀናት መጥቶ የሚጣበቀው በዚህ ጸጥታ ውስጥ ነው። ጽንስ ከሌለ ፕሮጀስትሮን ይወርዳል፣ ሽፋኑ ይፈርሳል፣ የቁልቁለቱ መኮማተር እንደገና ይጀምራል።

አልትራሳውንድ ይህን እንዴት ነው የሚለካው?

በሆድ ላይ የሚደረገው ብዙ አይጠቅምም፣ ሞገዱ በጣም ትንሽ ስለሆነ ከሩቅ አይያዝም። በብልት በኩል የሚገባው ቀጭኑ የአልትራሳውንድ ዘንግ፣ ፕሮብ የሚባለው፣ ነው የሚሻለው። ሽንትሽን ሸንተሽ ትገቢያለሽ። ፕሮቡ ኮንዶም ይለብሳል፣ ጄል ይቀባል። ባለሙያው ማህፀኑን ከአንገቱ እስከ አናቱ በቁመቱ የሚያሳየውን መስመር ፈልጎ ያገኝና እዚያው ላይ እጁን ያቆማል። ከዚህ በኋላ ያለው ነገር ሁሉ የትዕግሥት ነው። ፕሮቡን ሳያነቃንቅ 2፣ 3፣ አንዳንዴም 5 ደቂቃ ይቀርጻል። አንቺም በዝግታ ትተነፍሻለሽ፤ ካሳልሽ ወይም ከተንፈራገጥሽ ምስሉ ይሸሻል፣ እንደ አዲስ ይጀመራል።

ከዚያ ቪዲዮው በፍጥነት ይታያል፣ 4 እጥፍ ወይም 10 እጥፍ። 3 ደቂቃ የተቀረጸው በ10 እጥፍ ሲሮጥ በ18 ሰከንድ ያልቃል፣ በዚያች ጊዜ ውስጥ በተለመደው ፍጥነት ዓይን ያልያዘው ሞገድ ቁልጭ ብሎ ይወጣል። እንቁላል በሚወጣበት ሰሞን ከሆነ በዚያ ቀረጻ ውስጥ 9 ያህል ሞገድ ትቆጥሪያለሽ። ቁጥሩ ብቻ አይደለም የሚታየው፤ ከየት ተነሥቶ ወዴት ሄደ፣ ምን ያህል ጉልበት አለው፣ ተባብሮ ነው ወይስ እያንዳንዱ ቦታ በየፊናው የሚለውም ይመዘገባል።

ችግር አለበት፣ አልደብቅሽም። አንጀት አጠገቡ ነው ያለው፣ አንጀትም ይንቀሳቀሳል። ትንፋሽም ማህፀኑን ይገፋዋል። ሁለት ባለሙያዎች አንዱን ቪዲዮ አይተው የተለያየ ቁጥር ሊጽፉ ይችላሉ። ለዚህ ነው አሁን አሁን ምስሉ ላይ ያሉትን ጥቃቅን ነጠብጣቦች ከቅጽበት ወደ ቅጽበት እየተከተለ እንቅስቃሴውን የሚያሰላ የኮምፒውተር ፕሮግራም የሚጠቀሙ ተመራማሪዎች የበዙት።

ነገሩ ትናንት የመጣ ግን አይደለም። የውስጠኛው ሽፋን እንቅስቃሴ በአልትራሳውንድ መታየቱ እ.ኤ.አ. በ1984 ታትሟል፤ በ1991 ደግሞ በብልት በኩል በሚገባ ፕሮብ ዑደቱን ሙሉ የተከታተለ ጥናት ወጥቷል። ከዚያ በፊት ግፊት የሚለካ ቀጭን ቱቦ ማህፀን ውስጥ እየከተቱ ነበር የሚለኩት። ቱቦው ራሱ ማህፀኑን ይቆሰቁሰዋል፣ ለሴቷም አይመችም። በኤምአርአይም መቅረጽ ይቻላል፣ ግን ውድ ነው።

ታዲያ እኔ ስታይ ይህን ሁሉ አይተውልኛል ማለት ነው?

አይ። መደበኛ ምርመራ ላይ የሚታየው ቅርጽና መጠን ነው፤ የማህፀኑ ቁመት፣ የውስጠኛው ሽፋን ውፍረት፣ እጢ አለ ወይ፣ የእንቁላል ማምረቻው ላይ ውሃ የቋጠረ ነገር አለ ወይ። ደጅ ላይ ሠላሳ ሴት ተሰልፋ አንዷ ላይ 5 ደቂቃ እጅን አቁሞ መቅረጽ አይታሰብም። የመኮማተሩ ልኬት በአብዛኛው በጥናት ላይ፣ በአንዳንድ የመካንነት ሕክምና ማዕከላትም ውስጥ የሚሠራ ነው። ጤነኛው እስከዚህ ድረስ ነው፣ ከዚህ ካለፈ በሽታ ነው ተብሎ ሁሉም የተስማማበት መስመርም ገና አልተሰመረም።

ስለዚህ ሁለት ነገር ልብ በይ። አንደኛ፣ አንድ ሰው «ማህፀንሽ ይኮማተራል፣ ለዚህ የሚሆን መድኃኒት አለኝ» ብሎ ብር ቢጠይቅሽ አትክፈዪ፤ የሁሉም ሴት ማህፀን ይኮማተራል። ሁለተኛ፣ ወረቀቱ ላይ «ምንም አልታየም» ተብሎ መጻፉ በዚያች ቅጽበት ቅርጹ ላይ ምንም አልተገኘም ማለት ነው። አላመመሽም ማለት አይደለም። «ሕመሙ ሐሳብ ነው» ብሎ የሚመልስሽ ካለ ሌላ ባለሙያ ጋር ሂጂ።

በየትኛው ቀን ነው መታየት ያለብኝ?

በምትታዪበት ምክንያት ይወሰናል። ለማንኛውም ግን የመጨረሻው የወር አበባሽ የመጣበትን የመጀመሪያ ቀን ሳትይዢ አትሂጂ። ያለሱ ባለሙያው ያየውን ነገር በምን ይመዝነዋል? 12 ሚሊ ሜትር የወፈረ ሽፋን ከወር አበባ በፊት ባሉት ቀናት ጤነኛ ነው፣ ደሙ በቆመ ማግሥት ከሆነ ግን ያጠያይቃል።

እኛ ጋ ብዙ እናቶች ቀኑን በታቦት ነው የሚይዙት፣ እሱ በቂ ነው። «ለሚካኤል ነው የመጣብኝ» ካልሽ 12 ነው። ዑደትሽ 28 ቀን ከሆነ ቀን 14 የሚውለው በ25 ነው፤ ስለዚህ ከጊዮርጊስ እስከ አማኑኤል ባሉት ቀናት እንቁላል ይወጣል፣ መኮማተሩም የሚፈጥነው ያኔ ነው። የሚቀጥለው የወር አበባ በ10 ይመጣል። ወራችን 30 ቀን ስለሆነ ሒሳቡ ቀላል ነው፣ ጳጉሜን ላይ ብቻ ተጠንቀቂ፤ 5 ወይም 6 ቀኗን ስትረሺ መስከረም ላይ ቀድሞ የመጣብሽ ይመስልሻል።

ዑደትሽ 28 ካልሆነ አትደንግጪ። ከ21 እስከ 35 ቀን ያለው በጤናማው ውስጥ ነው። ብዙውን ጊዜ እንቁላል የሚወጣው ከሚቀጥለው የወር አበባ 14 ቀን ገደማ ቀደም ብሎ ነው፣ ከዚያ ወደ ኋላ ቁጠሪ።

ያላገባሁ ነኝ፣ ከወንድ ጋር ተገናኝቼ አላውቅም። በብልት በኩል ሊያዩኝ ነው?

አይገባም። ይህን ከመግባትሽ በፊት በግልጽ ተናገሪ፣ የሚያሳፍር ነገር የለውም። ላንቺ በሆድ በኩል ነው የሚሠራው፤ ለዚህ ደግሞ ሽንትሽ መሙላት አለበት፣ ስለዚህ ቀድመሽ ውሃ ጠጥተሽ ጠብቂ። የመኮማተሩ ሞገድ በዚህ መንገድ በደንብ አይታይም፣ ትልልቁ ችግር ግን ይታያል። ያገባሽም ብትሆኚ የማትፈልጊውን ምርመራ እንቢ ማለት ትችያለሽ፣ ሴት ባለሙያ ወይም አብሮሽ የሚቆም ሰው መጠየቅም መብትሽ ነው።

ጨረሩ አይጎዳኝም?

ጨረር የለውም። አልትራሳውንድ ድምፅ ነው፣ ጆሮ የማይሰማው። ራጅ ሌላ ነው።

የወር አበባዬ ሲመጣ አልጋ ላይ ነው የምውለው። እናቴ «ስትወልጂ ይተውሻል» ትለኛለች። ምንድነው የሚሻለኝ?

እናትሽ ሙሉ በሙሉ አልተሳሳቱም፣ አንዳንዷ ከወለደች በኋላ ይቀልላታል። ግን እስክትወልጂ ድረስ በየወሩ መሰቃየት ግዴታ አይደለም። ሽፋኑ ሲፈርስ ፕሮስታግላንዲን የሚባል ንጥረ ነገር ይለቀቃል፣ እሱ ጡንቻውን አጥብቆ ያኮማትረዋል፤ ሲኮማተር የደም ሥሮቹ ይጨመቃሉ፣ ጡንቻው ኦክስጅን ያጥረዋል፣ ያማል። ብዙ የሚያማቸው ሴቶች ማህፀን ውስጥ ያለው ግፊት ከ150 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ በላይ ሲደርስ ተለክቷል። የደም ግፊት ጤነኛው 120 መሆኑን ካወቅሽ ምን ያህል እንደሆነ ይገባሻል። የሚያለቅሱት ወደው አይደለም።

አይቡፕሮፌን የሚሠራው የፕሮስታግላንዲኑን ምርት ስለሚቀንስ ነው። ስለዚህ ሕመሙ ጣራ ነክቶ ሳይሆን ገና ሲጀማምር ነው የሚወሰደው፤ 400 ሚሊ ግራም፣ ከምግብ ጋር፣ በየ8 ሰዓቱ፣ ለሁለት ወይም ለሦስት ቀን። ፓራሲታሞል ይረዳል፣ ግን ለዚህ ሕመም አይቡፕሮፌን ይበልጣል። ጨጓራ ወይም ኩላሊት ወይም አስም ያለብሽ፣ ወይም ደግሞ አርግዤ ይሆናል ብለሽ የምትጠረጥሪ ከሆነ ሳትጠይቂ አትውሰጂ።

የጾሙን ነገር ደግሞ ማንሳት አለብኝ። ዓቢይ ጾም ላይ እስከ 9 ሰዓት የምትቆይ ልጅ በባዶ ሆዷ አይቡፕሮፌን ትውጥና ጨጓራዋን ታቃጥላለች። ወይ ሰዓቱን ከምግብሽ ጋር አስማሚው፣ ወይ ለንስሐ አባትሽ ሕመሙን ንገሪያቸውና ምከሪ። ሙቅ ውሃ በፕላስቲክ ኮዳ ሞልቶ በጨርቅ ጠቅልሎ እምብርት ሥር ማድረግ በእውነት ይረዳል። የዝንጅብል ሻይም ለአንዳንዷ ያስታግሳል፣ ጉዳትም የለውም።

መኮማተሩ በሽታ የሚሆነው መቼ ነው?

መኮማተሩ ብቻውን በሽታ አይደለም፣ ሥርዓቱን ያጣበት ምክንያት ግን ሊኖር ይችላል። ከውስጠኛው ሽፋን ጋር የሚመሳሰል ሕብረ ሕዋስ ወደ ጡንቻው ከገባ አዴኖማዮሲስ ይባላል፤ የሞገዱ መነሻ ንብርብር ራሱ ስለሚነካ እንቅስቃሴው ይዘበራረቃል፣ የወር አበባው ይበዛል፣ ቁርጠቱ ከዓመት ዓመት ይከፋል። ይህ በአልትራሳውንድ ሊታይ ይችላል፣ የሚያየው ሰው ከፈለገው። ይኸው ሕብረ ሕዋስ ከማህፀን ውጪ ሲበቅል ኢንዶሜትሪዮሲስ ነው፤ እዚህ ላይ ደግሞ አልትራሳውንዱ ንጹሕ ሆኖ በሽታው ሊኖር ይችላል። ማዮማ የሚባለው የማህፀን ጡንቻ እጢም እንደ ቦታው ነው፤ ወደ ውስጠኛው ሽፋን የተጠጋው ሞገዱን ያውካል፣ ወደ ውጪ የወጣው ብዙም አይነካውም።

ልጅ አልያዝ ብሎኛል። በመኮማተሩ ምክንያት ይሆን?

ሊሆን ይችላል፣ ግን የመጀመሪያው ጥያቄ ይኼ መሆን የለበትም። ከ35 ዓመት በታች ከሆንሽ አንድ ዓመት፣ ከዚያ በላይ ከሆንሽ ስድስት ወር ሞክራችሁ ካልተሳካ ሁለታችሁም ተመርመሩ። ሁለታችሁም! ልጅ ከማይወልዱት ጥንዶች ግማሽ ገደማዎቹ ላይ የወንዱ ችግር አለበት፣ ብቻውን ወይም ከሴቷ ጋር። እኛ ጋ ሴቷ ጠበል ለጠበል፣ ክሊኒክ ለክሊኒክ ትንከራተታለች፣ እሱ የዘር ፈሳሽ ምርመራ እንኳ ሳይሠራ «ሌላ አገባለሁ» ይላል። ይህን ሳይ ያንገበግበኛል። የእሱ ምርመራ ከአንቺ ሁሉ ቀላሉና ርካሹ ነው። ከዚያ እንቁላል ይወጣል ወይ፣ ቱቦው ክፍት ነው ወይ ይባላል። መኮማተሩ የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

በደንብ የተጠናው አይቪኤፍ ላይ ነው፤ እንቁላሉና የወንዱ ዘር ከሰውነት ውጪ ተገናኝተው ጽንሱ ወደ ማህፀን የሚገባበት ሕክምና ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 ፈረንሳይ ውስጥ የተሠራ ጥናት ጽንሱ ወደ ማህፀን ሊገባ ሲል አልትራሳውንድ ቀርጾ ሞገዱን ቆጠረ። በደቂቃ 3 ወይም ከዚያ በታች የነበራቸው ሴቶች የተሻለ አረገዙ፣ ቁጥሩ እየጨመረ በሄደ መጠን ዕድሉ ቀነሰ፣ ከ5 በላይ የነበራቸው ላይ ደግሞ ከሁሉ ያነሰ ሆነ። ፕሮጀስትሮን ከፍ ያለባቸው ሴቶች መኮማተራቸው ያነሰ ነበር። ጽንሱን የሚያስገባው ቀጭን ቱቦ የማህፀኑን አናት እንዳይነካ የሚጠነቀቁትም ለዚሁ ነው፣ ከተነካ መኮማተሩ ይቀሰቀሳል። አይቪኤፍ ለሚያስፈልጋቸው አዲስ አበባ ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል የመንግሥት ማዕከል አለ፤ ዓባይን ተሻግረሽ ከመሄድሽ በፊት ግን መሠረታዊ ምርመራዎቹን እዚሁ ጨርሺ፣ ባሕር ዳር ፈለገ ሕይወትና ጥበበ ጊዮን ላይ የማህፀን ሐኪሞች አሉ።

«ማህፀንሽ ዞሯል» ብለው ሆዴን ሊያሹኝ ነው። ልታሽ?

አትታሺ። ከአምስት ሴቶች አንዷ ማህፀኗ ወደ ኋላ ያዘነበለ ነው፣ ብዙውን ጊዜ ተፈጥሮ ነው እንጂ በሽታ አይደለም፣ በመታሸትም አይስተካከልም። ሞገዱም በዘነበለ ማህፀን ላይ ሥራውን ይሠራል። ውስጥ የቋጠረ ነገር ካለ ደግሞ እሽታው ሊያፈነዳው ይችላል።

መርፌ ወይም ክኒን የምወስድ ከሆነስ?

ክኒኑ፣ የሦስት ወሩ መርፌ፣ ክንድ ላይ የሚቀበረውም፣ ሁሉም ፕሮጀስትሮን መሰል ሆርሞን አላቸው። ሽፋኑ ይሳሳል፣ መኮማተሩም ይቀንሳል። ለቁርጠት የሚታዘዙትም ለዚህ ነው፣ ያላገባች ልጅም ለሕመሙ ብትወስድ ነውር የለበትም። ስትታዪ ግን የምትወስጂውን ተናገሪ፤ ካልተናገርሽ ቀንሽና የሽፋንሽ ውፍረት አልገጥም ይላቸዋል።

ቀጠሮ ሳልጠብቅ መሄድ ያለብኝ መቼ ነው?

የወር አበባሽ ዘግይቶ በአንድ ጎን አጥብቆ ካመመሽ፣ በተለይ ራስሽን ካዞረሽ፣ በሌሊትም ቢሆን ሂጂ፤ ከማህፀን ውጪ የተፈጠረ እርግዝና ሊሆን ይችላል፣ እሱ ይገድላል። ሞዴስ በየሰዓቱ የሚያርስ ደም፣ ትኩሳት ያለው የሆድ ሕመም፣ ሽታ ያለው ፈሳሽ፣ ቀና ማለት የሚያቅትሽ ድንገተኛ ቁርጠትም አያድርም። ሰፈርሽ ሩቅ ከሆነ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋን ቀድመሽ ንገሪያት፣ አምቡላንስ የምትጠራልሽ እሷ ናት። ስትሄጂ የድሮ የአልትራሳውንድ ወረቀቶችሽን፣ የመጨረሻ የወር አበባሽን ቀንና የምትወስጂውን መድኃኒት ካርቶን ይዘሽ ሂጂ።